መታወቅ አገልግሎት አይደለም፦ ስለ አቃቂ የድሮ ቀበሌዎች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አቃቂ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በሰፈራችን ሰዎች ስልክ ላይ ሲዞር ነበር። እኔም ደረሰኝና ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጽሑፉ የድሮዎቹ የቀበሌና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች እንዳይታደሱ፣ አገልግሎታቸውም ወደ ኮምፒውተር እንዳይዞር ይከራከራል። ባጭሩ አምስት ነገር ይላል። ድሮ የቀበሌው ሠራተኛ ያውቀን ነበር፣ አሁን ማሽን ሊያስተናግደን ነው። ፋይላችን ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ይጠፋል። አዛውንቶችና ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ከበር ውጭ ይቀራሉ። ገንዘቡ ለውሃ ቢውል ይሻላል። በመጨረሻም ቤቶቹ ታሪክ ስለሆኑ ማንም አይንካቸው።

ጸሐፊው አቃቂን እንደሚወዱ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። እኔም የዚሁ ሰፈር ሰው ነኝ፤ ፍቅራቸውን አልጠራጠርም። የደረሱበት መደምደሚያ ግን እኛኑ የሚጎዳ ስለመሰለኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። በየተራ ልመልስ።

«ያውቀን ነበር» የሚለው ነገር ልብ ይነካል። እውነትም አለው። የድሮው ሠራተኛ አባትህን በስም ይጠራል፣ ስለታመመው ወንድምህ ይጠይቅሃል፣ ለቅሶ ላይ ታገኘዋለህ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የማያውቃቸው ሰዎችስ?

አቃቂ ከጥንስሷ ጀምሮ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሰፈረባት ከተማ ናት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1907 ዓ.ም. ገደማ እዚህ ሲደርስ፣ አዲስ አበባ ለመግባት ገና ሁለት ዓመት ያህል ይቀረው ነበር። በዚያ መሀል የመስመሩ ጫፍ አቃቂ ነበረች። ዕቃውም መንገደኛውም እዚህ ይወርዳል። በኋላ ፋብሪካዎቹ መጡ፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ መለዋወጫው። ሠራተኛው አገሩን ትቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ ወልዶ የአቃቂ ሰው ሆነ። በቅርቡ ደግሞ የገላንና የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ከመሀል ከተማ ብዙ ሕዝብ አመጡ። ይህ ሁሉ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» በሚባልበት መስኮት ላይ ምን ይደርስበታል?

ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ። ጎረቤታችን እማማ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸውን የልደት ሰርተፊኬት ለማውጣት ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ሌላውም ከዚህ አይለይም። ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ በላዩ ላይ ላስቲክ አስረውበት ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ቀና ሳይል «ማህተም የያዘችው ስብሰባ ናት» አለ። ሌላ ቀን ስንመለስ «ፋይልዎ አልተገኘም» ተባሉ። ቀጥሎ ደግሞ «የድሮ ቀበሌዎ ቁጥር ተቀይሯል፤ ከዚያ ማስረጃ ያምጡ»። ከኋላችን ቆሞ የነበረ ሰው ሠራተኛውን በስሙ ጠራው። ተሳሳቁ፣ ተጨባበጡ፣ ወረቀቱ ተፈርሞ ወጣለት። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም። ጉቦ ሲሰጥም አላየሁም። ይታወቃል፣ በቃ። እማማ ፌስታላቸውን መልሰው እያሰሩ «እኔን የሚያውቀኝማ ጡረታ ወጣ» አሉኝ።

ጸሐፊው የሚናፍቁት አሠራር ይኸው ነው። መታወቅ ለሚታወቀው ሰው ደስ ይላል። ለሌላው ግን «ነገ ተመለስ» ነው። ደላላውና ጉዳይ አስፈጻሚው የሚበቅለውም እዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው። ሠራተኛው ስለማያውቅህ፣ ሠራተኛውን ለሚያውቅ ሰው ትከፍላለህ።

ደግሞም ቀበሌ ሁሉን ማወቁ ሁልጊዜ ለደግ አልነበረም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎቹ፣ የተቋቋሙት በዚያ አዋጅ ነው። ቀበሌ ቤት አከራየ፣ በሱቁ ስኳርና ዘይት በኮታ አደለ፣ የፍርድ ሸንጎ አስቀመጠ። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ አሰረ፣ ገረፈ፣ ከዚያም የባሰ አደረገ። ያኔ ቀበሌው ማን የት እንዳደረ፣ ማን ቤት ማን እንደገባ ያውቅ ነበር። በዚያ ዘመን ልጃቸውን ያጡ እናቶች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። «ቀበሌው ያውቀን ነበር» ሲባል ምን እንደሚሰማቸው ጸሐፊው ጠይቀዋቸው ቢጽፉ ኖሮ ጽሑፉ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

እኔ የምፈልገው የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳይጠይቅ ጉዳዬን የሚጨርስልኝ ቢሮ ነው። የወረፋ ቁጥር ይሰጠኝ። ለየጉዳዩ ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ። መቼ እንደሚያልቅ ይነገረኝ። ማህተም የያዘችው ስብሰባ ከሄደች የሚተካት ሰው ይኑር። ሠራተኛው ፈገግ ቢልልኝ ደስ ይለኛል፤ ባይልልኝም ጉዳዬ ይለቅ። በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር፣ ማለትም ቢሮው ለባለጉዳይ ቃል የገባበት ጽሑፍ፣ ይህንኑ ይላል። እድሳቱ ዋጋ የሚኖረው ያ ጽሑፍ መስኮቱ ላይ ሲፈጸም ነው። ቀለም ተቀብቶ፣ አዲስ ወንበር ገብቶ «ነገ ተመለስ» ከቀጠለ እኔም ከጸሐፊው ጋር ቆሜ እቃወማለሁ።

ወደ ፋይሉ ልለፍ። እዚህ ላይ ስጋታቸው ትክክል ነው። መፍትሔ ያሉት ነገር ግን፣ ማለትም ሁሉም ባለበት ይቆይ ማለታቸው፣ ስጋቱን ያባብሰዋል።

አሁን ፋይሉ ያለው የት ነው? የድሮ መዝገብ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። ከምንም በፊት ሽታው ይቀበልሃል። መደርደሪያው ከክብደት ጎብጧል። ፋይሎቹ በሲባጎ ታስረው እስከ ኮርኒሱ ተቆልለዋል። የታችኞቹ የወለሉን እርጥበት ስበው አብጠዋል፣ ጠርዛቸውን አይጥ በልቶታል። የአቃቂ መሬት ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ ዝናብ ይገባል። ወንዙ ዳር ላሉት ደግሞ ጎርፍ አለ። የአንድ ቤተሰብ የይዞታ ማስረጃ፣ የቤት ኪራይ ደረሰኙ፣ የጋብቻ ወረቀቱ፣ ሁሉም በአንድ ቅጂ እዚያ ተቀምጧል። ሌላ ቅጂ የለም። የትኛው ቁልል ሥር እንዳለ በቃሉ የሚያውቀውም አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ከታመመ ወይም ከተዛወረ የፋይሉ መኖር ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ጸሐፊው እንዳይጠፋ የሚፈሩት ነገር እየጠፋ ያለው አሁን ነው፤ ያውም ማንም ሳያውቀው።

ኮምፒውተር ስለገባ ብቻ ነገሩ ይድናል አልልም። ከዚህ በፊት አይተነዋል። በ1990ዎቹ ወረዳኔት ሲዘረጋ ተስፋው ትልቅ ነበር። ወረዳዎች ከማዕከል ጋር ተገናኙ፣ ስክሪን ተተከለ። በዋናነት ያገለገለው ግን ኃላፊዎች ከበላዮቻቸው ጋር በቪዲዮ ስብሰባ እንዲቀመጡ ነበር። መስኮቱ ላይ ለቆመው ሰው የቀየረለት ነገር ጥቂት ነው። «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስም ሁላችንም ሰምተነዋል።

ስለዚህ ነገሩ በወጉ ይሠራ። መጀመሪያ ፋይሎቹ ይራገፉ፣ ይቆጠሩ፣ ዝርዝር ይውጣላቸው። ከዚያ ስካን ይደረጉ፤ ቅጂው ከዚያ ግቢ ውጭ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ስካን ተደርጓል ተብሎ ዋናው ወረቀት እንዳይጣል፤ ደረቅ ክፍል ይግባ። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም ባትሪ ወይም ጀነሬተር ይገዛ። ሲስተም ሲወርድ ጉዳዩን በመዝገብ ተቀብሎ በኋላ የሚያስገባ አሠራር ይኑር። ይህ ሁሉ የሮኬት ሳይንስ አይደለም፤ ትዕግሥትና ክትትል የሚፈልግ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ባለጉዳዩ ይጠራና የገባውን መረጃ በዓይኑ አይቶ ይፈርም። ይህን አጥብቄ የምለው በስማችን ምክንያት ነው። ገብረ ማርያም የሚባል ሰው አንዱ ወረቀት ላይ ስሙ ተያይዞ ተጽፏል፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ «ገ/ማርያም» ተብሎ። ኃይሉ አንዴ በ«ኃ»፣ አንዴ በ«ሀ»፣ አንዴ በ«ሐ» ይጻፋል። ለሰው ዓይን አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ሦስት ይወለዳል። የልደት ሰርተፊኬትና የትምህርት ማስረጃ ስም ሳይገጥም ቀርቶ ስንት ወጣት ፓስፖርት ለማውጣት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። ይህን ማስተካከል የሚቻለው መረጃው ሲገባ፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ነው። ጸሐፊው ስለ ፋይል ከተነሡ አይቀር ዘመቻቸውን እዚህ ላይ ቢያደርጉት አብሬያቸው እሰለፋለሁ።

ሦስተኛው ነጥባቸው አዛውንቶች ከበር ውጭ ይቀራሉ የሚል ነው። አሁን የት ናቸው? ውጭ ናቸው። ፀሐይ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ አንዳንዴም አጥሩ ጥግ ቆመው ይጠብቃሉ። ብዙዎቹ የድሮ ቢሮዎች መደገፊያ በሌለው ደረጃ ነው የሚገባባቸው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው በሸክም ይገባል፣ ወይም ጉዳዩን በሰው ይልካል። የአገሪቱ የሕንፃ ሕግ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ ይኑረው ይላል። «አትንኩት» ከተባለ መወጣጫው መቼ ይሠራ?

ጸሐፊው ማሽኑ የአንዳንድ ሰው ጣት አሻራ አያነብም ብለው ያነሡት ነገር ግን ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ዕድሜውን በማሽን፣ በብረትና በሲሚንቶ ያሳለፈ ሰው የጣቱ አሻራ ይፋቃል። አቃቂ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ እጅ ብዙ ነው። ሆኖም የፋይዳ፣ ማለትም የዲጂታል ብሔራዊ መታወቂያው፣ ምዝገባ አሥሩን ጣት ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶም ይወስዳል። ስለዚህ አሻራው የጠፋበት ሰው ተመዝግቦ ባለ 12 አሃዙን ቁጥሩን ማግኘት ይችላል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው፤ የወረዳው መስኮት ላይ የአሻራ ማንበቢያ ብቻ ተቀምጦ ከሆነ። «አላነበበም» ተብሎ እንዳይመለስ ሌላ ማረጋገጫ መንገድ ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። ይህ ማሽኑን ለመቃወም ምክንያት አይሆንም፤ ቢሮው ሲደራጅ በጽሑፍ የሚገባ ግዴታ ነው መሆን ያለበት።

ፊደል ላልቆጠሩት ደግሞ መፍትሔው በራችን ላይ ተቀምጧል። በየጽሕፈት ቤቱ ደጅ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። የየጉዳዩን ቅጽ ከብዙ ሠራተኛ በላይ ያውቃሉ። የሰውን ታሪክ ሰምተው በሦስት መስመር ያስቀምጡታል። እነሱን ከማባረር ወደ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ከመግቢያው አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ይሰጣቸው፣ ደመወዝ ይቆረጥላቸው፣ ባለጉዳዩ በነፃ ይስተናገድ። ስልክ መንካት የማይችል ሰው ስልክ እንዲነካ አይገደድም፤ የሚነካለት ሰው ይኖራል።

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቢሮው ከሰፈር መራቅ የለበትም። በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት መልካም ነገር ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ማግኘት እፎይታ ነው። ልደትና ሞት ግን በየሰፈሩ ነው ያለው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ ለዚህ ታክሲ እየቀያየረ ሩቅ ይሂድ ማለት ምዝገባውን መግደል ነው። ትልቁ ማዕከል ይኑር፤ የሰፈሩ መስኮትም ይኑር።

ገንዘቡ ለውሃ ይዋል ስላሉት ብዙ አልልም። ጥሙ እውነት ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ የከተማውን ብዙ ሰው ያጠጣል፤ እኛ ግን ጀሪካን ደርድረን ፈረቃ እንጠብቃለን። ያ ያናድዳል፣ መጮህም አለበት። ነገር ግን የውሃ መስመር የሚዘረጋው የወረዳ ቢሮ በሚታደስበት ገንዘብ አይደለም። የውሃና ፍሳሽ ሥራ የራሱ በጀት፣ የራሱ ታሪፍ አለው። ደግሞም ቆጣሪ ለማስገባት የሚያመለክት ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ከወረዳው የሚወጣ ማስረጃ ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ውሃውም ይዘገያል።

የቀረው የታሪክ ጉዳይ ነው። በፒያሳ በ2016 ዓ.ም. የፈረሰውን ያየ ሰው ማደስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ዶዘር ቢታየው አይፈረድበትም። እኔም ደንግጬ ያየሁት ነገር ነው። ስለዚህ የጸሐፊውን ቁጣ አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ሁሉን የቀበሌ ቤት በአንድ ላይ ጠቅልለው ቅርስ ማለታቸው ለቅርሶቹ ራሳቸው አይበጅም። ከትርፍ ቤት አዋጅ በፊት የሰው መኖሪያ የነበሩ፣ የድንጋይ መሠረትና የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች አሉ። በደርግ ጊዜ በጥድፊያ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠሩ፣ ለስብሰባና ለሱቅ ብቻ የታሰቡ ቤቶችም አሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የኋለኞቹ ቢፈርሱና በቦታቸው ደረቅ መዝገብ ቤት ቢሠራ አቃቂ ምንም አይጎድልባትም። ሁሉም ይቆይ ካልን ግን ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ አይገኝም፣ ደህናዎቹም ከደካሞቹ ጋር አብረው ያልቃሉ።

አቃቂ የምትኮራበት ታሪክ አላት። ባቡሩን ጠቅሻለሁ። የሬዲዮ ጣቢያው ደግሞ በጥር 1927 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ድንበር ላይ ተከማችቶ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት ከዚህ ነው። ጸሐፊው ስለ ቀበሌ ስኳር ሱቅ ሁለት ሙሉ አንቀጽ ሰጥተው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው አሳዝኖኛል።

«ማንም አይንካው» የተባለ ቤትም አይድንም። ሰው ባያፈርሰው ዝናብ ያፈርሰዋል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ማገሩን ምስጥ ይበላዋል፣ አንድ ክረምት ላይ ጥጉ ይናዳል። ከዚያ በኋላ ለአደጋ የሚያሰጋ ተብሎ ይፈርሳል። የድሮ ቤት የሚኖረው ሰው ሲገለገልበት ነው። በ1953 ዓ.ም. የተከፈተው የአፍሪካ አዳራሽ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ታድሶ እንደገና ተከፍቷል። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት በቦታው አለ፤ ስብሰባው ግን በዛሬ መሣሪያ ነው የሚካሄደው። የዚያ ሥራ በጀት ከአንድ ወረዳ ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ። አሠራሩ ግን ለትንሹም ቤት ይሆናል። ምን እንደሚቀር አስቀድሞ ተለየ፣ ከዚያ ሥራው ተጀመረ።

እኛ ሰፈር የሚያስፈራኝ ዶዘሩ ብቻ አይደለም፤ ሲሚንቶውም ያስፈራኛል። በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። በላዩ በሲሚንቶ ሲለሰን ይታፈናል። እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፣ ጭቃው ይሟሟል፣ ልስኑ በሁለት በሦስት ክረምት እንደ ቅርፊት ይረግፋል። እንዲህ ላለው ግድግዳ የኖራ ልስን ይሻለዋል፤ ይተነፍሳል። ይህን የሚያውቅ ግንበኛ እያለ በተለመደው ጨረታ ሲሚንቶ ብቻ ለሚያውቅ ኮንትራክተር መስጠት ቤቱን ቀስ ብሎ ማፍረስ ነው። በረንዳው ይቆይ፤ ሰው የሚጠብቅበት ጥላ ይሆናል። የሰርቨሩና የፋይሉ ክፍል ከቤቱ ኋላ፣ ከዋልካው ከፍ ብሎ ለብቻው ይሠራ። መወጣጫው በጎን በኩል ይግባ። ጸሐፊው እነዚህን ነገሮች ቢጠይቁ ኖሮ ኃላፊዎቹ መልስ መስጠት ይጠበቅባቸው ነበር። «አትንኩ» ለሚል ሰው ግን መልስ መስጠት ቀላል ነው፤ ልማት አደናቃፊ ይሉታል፣ ያልፉታል።

ሕጉም ቢሆን ከጎናችን አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበ ቋሚ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይከለክላል። ቁም ነገሩ «የተመዘገበ» የሚለው ነው። ያልተመዘገበ ቤት የሚጠብቀው ወረቀት የለውም። ጸሐፊው የቤቶቹን ዕድሜና የባለቤቶቹን ታሪክ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁ ከጽሑፋቸው አይቻለሁ። እንግዲያው የትኞቹ እንደሆኑ አንድ በአንድ ይጻፉልን፤ በማን ዘመን ተሠሩ፣ ማን ኖረባቸው፣ መቼ ቀበሌ ሆኑ። ፎቶው ይጨመርበትና ቅርስን ለሚከታተለው የከተማው ቢሮ እናስገባ፣ ግልባጩን ለወረዳው እንስጥ። ፈቃደኛ ከሆኑ ከባቡሩ መስመር ዳር ካሉት ጀምረን አብረን እንሥራው። ጣሪያቸው የሚያፈሱት ክረምቱ ሳይገባ መቅደም አለባቸው።